ውሃ በመጣ ቁጥር ሲስተም የለም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ታምራት መጀመሪያ ያዩት ጥፍሬን ነበር። «ይቆረጥ» አሉ። ለእህቴ ሰርግ የተቀባሁት ቀለም ገና አልለቀቀም። ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ማህደር ይዤ፣ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜያለሁ። ከመሳቢያቸው ጥፍር መቁረጫ አውጥተው ሰጡኝ። ዲፕሎማዬን ግን አላዩትም፤ እስከ ዛሬም አላዩትም።

ድርጅቱ ትንሽ ነው። ለትንንሽ ቢሮዎች ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ገመድ ይዘረጋል፣ ራውተር ይተክላል። ማዕረጉ ሦስት ነበር፤ ረዳት፣ ቴክኒሻን፣ ጋሽ ታምራት። እሳቸው በወጣትነታቸው የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ፤ ምሰሶ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ጉልበታቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። እኔ በረዳትነት ተቀጠርኩ።

የኔትወርክ ገመድ ሲላጥ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ፣ አራት ጥንድ። ሥራው እነዚህን መፍታት፣ በቀለማቸው ተራ ማሰለፍ፣ ጫፋቸውን እኩል መቁረጥ፣ ጃክ በምትባለው ብርሃን በምታሳልፍ ፕላስቲክ ውስጥ ማስገባትና ክሪምፐር በሚባለው መቆንጠጫ መጭመቅ ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ጫፍ ሠርቼ የተረፈኝ አራት ነው። ማታ አውራ ጣቴ አብጦ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ፤ እናቴ «ይኼ ነው ኮምፒውተር የተማርሽው?» አለችኝ።

የሠራነውን የምንፈትሽበት መሣሪያ ቴስተር ይባላል። ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱን በገመዱ በአንደኛው ጫፍ፣ ሌላውን በሌላኛው ትሰካላችሁ፤ ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት መብራቶች በተራ ብልጭ ይላሉ። «ስምንቱ በተራቸው ከበሩ ደህና ነው፤ ከዘለለ አበላሽተሻል» አሉኝ ጋሽ ታምራት። እኔም እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያዝኩት።

ያኔ ሱሪ ለብሳ መሰላል ተሸክማ የምትመጣ ሴት ብዙ አትታይም ነበር። ላፍቶ አንድ ቢሮ በር ላይ ዘበኛው መሰላሉንም እኔንም አይቶ ወደ ኋላዬ ተመለከተ። «ባለሙያው እየመጣ ነው?» አለኝ። «ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ ይልቅ ይኼን መሰላል ያዝልኝ» አልኩት። ያዘልኝ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር «የሺ ራውተር መጣች!» እያለ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ስሙም ተከተለኝ፤ ቤተሰቤ ያወጣልኝ የሺመቤት ግን በዚያ ሰፈር ተረሳ።

አብዛኛው ጥሪያችን ቀላል ነገር ነው። ከራውተሩ ቀዳዳዎች አንዷ ቀለሟ የተለየ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔት የሚገባው በእሷ ብቻ ነው። ሌሎቹ ለኮምፒውተርና ለፕሪንተር ናቸው። ሰው ግን ሲያጸዳ ይነቅልና ባገኘው ቀዳዳ ይሰካል። ሄጄ እነቅላለሁ፣ በቦታው እሰካለሁ፣ መብራቱ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። «ለዚህ ነው እንዴ የመጣሽው?» ይሉኛል። አዎ፣ ለዚህ ነው።

አንዲት ጸሐፊ ደግሞ ራውተሩን ዳንቴል አልብሳው አገኘኋት። በየቀኑ ከሰዓት ይቋረጥባቸዋል። «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። እጇን ይዤ ዳንቴሉ ሥር አስነካኋት። «ውይ በሞትኩት፣ ትኩሳት አለው!» አለች። ዳንቴሉ ወደ ስልኩ ተዛወረ፤ ኔትወርኩም ዳነ። በዚህ ሥራ ያሳለፍኳቸው ብዙዎቹ ቀኖች እንዲህ ያሉ ናቸው፣ ወድጃቸዋለሁ። የምተርከው ግን ስላልወደድኩት ቀን ነው።

ቴክኒሻን በሆንኩ በጥቂት ወራት ጋሽ ታምራት «ይቺን ብቻሽን ተወጫት» ብለው ጀሞ ወዳለ የግል ክሊኒክ ላኩኝ። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ባለቤቱ ዶክተር ሙሉጌታ ይባላሉ፤ ወረቀት ሲያነቡ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው የሚከተሉ፣ ያልተጻፈ ነገር የማያምኑ ሰው። የታካሚዎችን ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውሩ ነው። አምስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ራውተር።

ራውተሩን ፎቅ ላይ በዶክተሩ ክፍል ሰቀልኩት። ኢንተርኔት ከሚገባበት የፋይበር ሳጥን የሚመጣውን ገመድ ቀለሟ በተለየችው ቀዳዳ ሰካሁ፣ አብርቼ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አገናኘሁ፤ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፣ የነርሶች ክፍል፣ የዶክተሩ ጠረጴዛ። የቀረው ካርድ ክፍል ነው። እሱ ከሁሉ ይርቃል፤ ምድር ቤት በስተኋላ፣ ከውሃ ፓምፑ ክፍል ቀጥሎ። በኮሪደር ዞሬ ብሄድ ገመዱ ይረዝማል። ግድግዳ በስቼ በፓምፑ ክፍል ውስጥ አሳለፍኩትና አሳጠርኩት። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል፤ ዘበኛው ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ዙሪያዬን ይዞራል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጫፎች ቶሎ ቶሎ ሠርቼ ቴስተሩን ሰካሁ። ስምንቱም በተራቸው በሩ። ጋሽ ታምራት ጋ ደውዬ «ጨረስኩ» አልኩ። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ትዝ ይለኛል።

ወር ሳይሞላ ተጠራሁ። «ካርድ ክፍል ያለችው ሲስተም የለም ትላለች» አሉኝ ዶክተሩ። ለአዲስ አበባ ሰው ይህን ቃል ማብራራት አያስፈልግም። በየመስኮቱ የምንሰማው ነው፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሠራተኛ ሲለው የሚያምነው የለም። ሻይ ሊጠጣ ነው እንላለን።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወይዘሮ ጫልቱ ትባላለች፤ እኔ እትዬ ጫልቱ ነው የምላት። አርባን ያለፈች ሴት ናት። ቤተሰቦቿ ከተማው ሳይደርስባቸው ከሀና ማርያም በታች ያርሱ የነበሩ ናቸው፤ መሬቱ ቢሄድም ግቢው አለ፣ በግቢው ውስጥም ሁለት የወተት ላሞች አሉ። በዚያ ወቅት ውሃ በፈረቃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነበር፤ በክሊኒኩም፣ በእሷም ሰፈር። ሲስተሙ የሚጠፋውም ማክሰኞና ዓርብ ነው። ዶክተሩ ሁለቱን ደመሩ። «ገመዱን ነቅላ በርሜል ልትሞላ፣ ላም ልታጠጣ ትሄዳለች» አሉኝ። «አንድ ቀን በር ላይ ይዣታለሁ።»

የሄድኩት ረቡዕ ነበር። ቴስተሬን ካርድ ክፍልም ፎቅም ሰካሁ፤ ስምንቱም በሩ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ በሩ። ዶክተሩ «በጽሑፍ ስጪኝ» አሉ። በድርጅታችን ወረቀት ላይ «የካርድ ክፍሉ መስመር ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኝቷል። ችግሩ የአጠቃቀም ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እትዬ ጫልቱ አጠገቤ ካርድ ትደረድር ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ዕቃዬን ወደ ቦርሳ እየመለስኩ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ወጥታ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ያቺን ወረቀት የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ እትዬ፤ ግቢ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ወረቀትሽን ከማሰናበቻ ደብዳቤዬ ጋር አያይዘውታል፤ ሐሙስ ይሰጠኛል። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው። ልጆች ማሳደጉስ እሺ፣ እንደምንም ይሆናል። ገመድ እየነቀለች በሽተኛ ታስጠብቃለች ተብዬ ግን እንዴት ነው ሰፈር ውስጥ የምሄደው?»

«ዶክተሩ በር ላይ ይዣታለሁ ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«አዎ፣ አንድ ቀን ወጥቻለሁ። ሃያ ደቂቃ። አልዋሽሽም። ሲስተሙ ጠፍቶ ቁጭ ብያለሁ፣ ውሃው መጥቷል፣ ወጣሁ። ስለጠፋ ነው የወጣሁት፤ ስለወጣሁ አይደለም የጠፋው!» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ነገ ማክሰኞ ነው። ሰው ከሆንሽ ነይና አጠገቤ ቁጭ በይ።»

አፈርኩም፣ ተናደድኩም። ስምንት መብራት በርቶ መስመሩ እንዴት ይበላሻል? ግን ውሸታም ሰው ደረጃ ወጥቶ «መጥተሽ እዪኝ» አይልም። ለማግስቱ ጋሽ ታምራት ለሌላ ቢሮ መድበውኝ ነበር። «ነገ ጀሞ ነኝ» አልኳቸው። አልጠየቅኳቸውም፤ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውርደው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። የእሷን ኮምፒውተርና ላፕቶፔን በትንሽ ማከፋፈያ በአንዱ ገመድ አገናኝቼ ከራውተሩ ጋር በየሰከንዱ የሚጠያየቅ ትእዛዝ አስጀመርኩ። እዚህ «አለህ?» ይላል፣ ፎቅ ያለው «አለሁ» ይላል። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አለሁ። አራት ሰዓት፤ አለሁ። ሰልፉ በረንዳውን ሞልቷል፣ እትዬ ጫልቱ ቀና ሳትል ትሠራለች። ድካሜን ልርሳ ብዬ እንጂ ቁም ነገር አገኛለሁ ብዬ አልነበረም ጥያቄዬ።

«እትዬ፣ ሲጠፋ ምን ታያለሽ? ምን ትሰሚያለሽ?»

«ፓምፑን ነዋ» አለች፣ ዓይኗን ከካርዱ ሳታነሳ። «ፓምፑ ሲጮህ ይጠፋል፣ ዝም ሲል ይመጣል።»

«ይኼን ለሰው ነግረሻል?»

«ያልነገርኩት ማን አለ! ለነርሶቹ ነገርኩ፣ ለዘበኛው ነገርኩ። ለዶክተሩ ስነግራቸው ‹ፓምፕና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው?› አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ዘበኛው ከውጭ «ውሃ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ፓምፑን አስነሳው፤ ግድግዳው መንጎራጎር ጀመረ። ላፕቶፔ «አለህ?» አለ። መልስ የለም። «አለህ?» መልስ የለም። መስኮቱ ላይ ተራ የደረሳቸው አንድ ሽማግሌ የእትዬ ጫልቱን ፊት አይተው «ልጄ፣ ሲስተም የለም ልትዪኝ ነው አይደል?» አሉ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። «እሷን ይጠይቋት አባባ» አለች።

ሮጬ ወጥቼ ዘበኛውን ፓምፑን አጥፋው አልኩት። ሲስተሙ መጣ። አስነሳው አልኩት። ጠፋ። አምስት ጊዜ አስነሳሁት፣ አምስት ጊዜ አስጠፋሁት። «አንቺ ልጅ፣ ውሃው ሳይሄድ ታንከሩን ልሙላበት!» ይለኛል። አልሰማሁትም። ወደ ካርድ ክፍል ተመልሼ የገመዱን ጫፍ ነቅዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ከዚያ በፊት ስፈትሽ አንድም ቀን ጫፉን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ መብራት ብቻ ነበር የማየው።

የሽቦዎቹ ትክክለኛ ተራ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴው አጠገብ አይቆምም፤ ሰማያዊዎቹን መሃል አድርጎ ማዶ ይቆማል። ለዓይን የሚያምረው ግን ጥንዶቹን ጎን ለጎን ማሰለፍ ነው። ያን ዕለት ቸኩዬ ያማረኝን ሠርቻለሁ፤ በሁለቱም ጫፍ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ሲሳሳቱ ደግሞ ቴስተሩ አያውቅም። ሦስተኛው ከሦስተኛው ተገናኝቷል፣ ስድስተኛው ከስድስተኛው ተገናኝቷል፣ ስምንቱም ይበራሉ። ሽቦዎቹ ተጠማዝዘው የሚሠሩት ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሁከት እንዳይረብሻቸው ነው። አብረው የሚሠሩት ደግሞ ሦስተኛውና ስድስተኛው ቦታ ያሉት ናቸው፤ ከአንድ ጥንድ ካልሆኑ ያ ጥበቃ ይቀራል። ዝም ባለ ቀን ይሠራል፤ አጠገቡ ሞተር ሲነሳ ያብዳል። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ሞተር አጠገብ አሳልፌዋለሁ።

ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ እንደገና ሠራሁ። ፓምፑን አስነሱ አልኩ። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ። እሱም አልበቃኝም፤ ገመዱን ከፓምፑ ክፍል አውጥቼ በኮሪደሩ አዞርኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ምሳ አልበላሁም፣ አላማረኝምም።

ጋሽ ታምራት ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «መብራት ነው በይ» አሉኝ።

በእኛ ሙያ መብራት የማይሸከመው ኃጢአት የለም። የተቃጠለውም፣ የተሳሳተውም፣ ያልተሠራውም በመብራት ይሳበባል። «የመብራት መዋዠቅ ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ሴትየዋም ትድናለች፣ እኛም ደንበኛ አናጣም።» ክፋት አልነበረበትም። እውነቱን ለመናገር አሰብኩበት። እትዬ ጫልቱ ግን አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። እሷ እውነቷን «ሲስተም የለም» ስትል ያመናት አልነበረም። እኔ «መብራት ነው» ብዬ ብዋሽ ግን ያምኑኛል፤ ቴስተር ይዣለኋ።

«ጋሼ፣ ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ነው የምጽፈው።»

«የሺ፣ ድርጅቱ የኔ ነው።»

«ፊርማው ግን የኔ ነው ጋሼ።»

ስልኩ ተዘጋ። የድርጅቱን ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ። «ቀደም ሲል ‹ችግሩ የአጠቃቀም ነው› ብዬ የሰጠሁት ወረቀት ትክክል አይደለም። ችግሩ እኔ ገመዱን ስተክል የፈጸምኩት ስህተት ነው። ወይዘሮ ጫልቱ ገመድ አልነቀሉም።» ፈርሜ ፎቅ ወጣሁ።

ዶክተሩ እንደ ልማዳቸው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። የቆረጥኩትን ጫፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንስተው አገላብጠው አዩት።

«እና እኔ በዚህች ክር የተነሳ ሰው ላባርር ነበር?»

«በክሯም፣ በእኔ ወረቀትም ነው ዶክተር።»

ከመሳቢያቸው ደብዳቤውን አወጡና ለሁለት ቀደዱት። «እሷን እኔ ራሴ አነጋግራታለሁ» አሉ። የተቀደደውን ቅርጫት ውስጥ ጥለው «አንቺ ግን እዚህ ተመልሰሽ አትምጪ፤ ታምራት ሌላ ሰው ይላክ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ምን እላለሁ።

ጋሽ ታምራት በማግስቱ ወደ ረዳትነት መለሱኝ፤ ስድስት ወር ጃክ ስጨምቅ ከረምኩ። አልተከራከርኩም። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው ከዚያ ወዲህ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረው ቀለሙን ሳያዩ ቴስተር አይሰኩም። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ያን ማክሰኞ ከክሊኒኩ ስወጣ እትዬ ጫልቱ በሩ ድረስ ተከተለችኝ። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልደብቅም። አላመሰገነችኝም።

«የሺ፣ ያን ረቡዕ መጥተሽ ገመዱን በዚህም በዚያም ፈተሽሽው» አለችኝ። «እኔ አጠገብሽ ነበርኩ። ምናለ እኔን ብትጠይቂኝ?»

ሰልፍ እየጠበቃት ስለነበር ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

አሁን በዚሁ ክፍለ ከተማ የራሴን ቴክኒሻኖች አሰማራለሁ። አዲስ ለሚገቡት የምነግራቸው ይህን ነው፦ ቢሮ ስትገቡ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የሚውለውን ሰው ጠይቁ። መቼ ነው የሚጠፋው? ያኔ ምን ትሰማለህ? የሚላችሁን፣ የማይመስል ቢሆንም፣ ጻፉት። ገመዱን ከዚያ በኋላ ትፈትሹታላችሁ።